ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም፦ ባትሪና ቻርጀር በአርሶ አደሩ እጅ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማህበራት ተወካዮችና ለግብርና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፤ ዘንገና)







እንዲህ ባለው በዓል ላይ ዘወትር የሚነሣው የማዳበሪያው ኩንታል፣ የምርጥ ዘሩ አቅርቦትና የትርፍ ክፍፍሉ ነው። ይህም ተገቢ ነው። በዛሬው ዕለት የሚነሣው ጉዳይ ግን በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ሲገዛ ብዙም የማይታሰብበት፣ ሲበላሽ ደግሞ የክረምቱን ሥራ የሚያስተጓጉል ዕቃ ነው። እርሱም በባትሪ የሚሠሩ መሣሪያዎች ባትሪና ቻርጀር ነው።

የአዊ ሰው ፈረስ ያውቃል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ አደባባይ የሚወጣው ፈረሰኛ ኮርቻውን ከሌላ ሰው ፈረስ ላይ አውርዶ በራሱ ፈረስ ላይ ቢጭን ኮርቻው መጫኑ አይቀርም፤ መቀነቻውም ይታሰራል። ነገር ግን የፈረሱ ጀርባ ጠባብ፣ ኮርቻው ሰፊ ከሆነ ፈረሱ ሳይውል ሳያድር ይላጣል። ጉዳቱ የሚታየው ኮርቻው በተጫነበት ሰዓት አይደለም፤ ሲወርድ ነው። የባትሪና የቻርጀር ነገርም እንዲሁ ነው። የቻርጀሩ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ገባ ማለት ቻርጀሩ ለባትሪው ተስማማ ማለት አይደለም። የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የክረምቱ ሥራና የመርጫው ባትሪ

በእጅ እየተገፋ ኬሚካል የሚረጨውን የጀርባ መርጫ ሁሉም ያውቀዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በባትሪ የሚሠራው መርጫ በገበያ ላይ መታየት ጀምሯል። ከ16 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ሆኖ ከሥሩ ባትሪና ትንሽ ፓምፕ አለው። እንደዚሁም ቀርከሃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወንበርና አልጋ ሲገጣጥሙ፣ አናጢዎች ዘመናዊ የንብ ቀፎ ሲሠሩ ገመድ የሌለው ድሪል ወይም ትራፓኖ ቢያገኙ ሥራቸው ይቀላጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ጭራሹኑ ባልደረሰበት ቀበሌ እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጡት ጥቅም ቀላል አይደለም።

ለአብነት በዘንገና አካባቢ ድንች የዘራ አንድ አርሶ አደር በሐሳብ ይታይ። ወሩ ሐምሌ ነው። ዝናቡና ጉሙ አልለይ ብሏል፤ የድንች ዋግም በማሳው ጥግ መታየት ጀምሯል። ዋግ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ሕዝብ ለረሃብ የዳረገ በሽታ ሲሆን፣ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ካገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማሳውን ያጠቁረዋል። አርሶ አደሩ መርጫውን ሊያስነሣ ሲል ቻርጀሩ ተቃጥሏል። ወደ ጎረቤቱ ሄዶ ሌላ ቻርጀር ይዋሳል። ጫፉ ክብ ነው፣ ልክ ገባ፣ መብራቱም በራ። አርሶ አደሩ አመስግኖ ተኛ።

ከዚህ በኋላ ከሁለት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል።

የእርሱ ባትሪ የእርሳስና አሲድ ባትሪ፣ የተዋሰው ቻርጀር ደግሞ የሊቲየም ባትሪ ቻርጀር ከሆነ ባትሪው ፈጽሞ አይሞላም። ቻርጀሩ በ12.6 ቮልት ላይ ሲያቆም፣ የእርሳሱ ባትሪ ግን በደንብ ለመሙላት 14.4 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። ጠዋት መርጫው ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ይዝላል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ጠብታው ይገዝፋል፣ መድኃኒቱም ቅጠሉን በእኩል አይሸፍንም። በዚህ ዓይነት ሁኔታ ለሳምንታት የቆየ ባትሪ ውስጡ እየጠጠረ ሄዶ ከናካቴው መሙላት ያቆማል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ባትሪው ሊቲየም፣ ቻርጀሩ የእርሳስ ባትሪ ቢሆን አደጋው የባሰ ነው። ባለ 3 ሴል የሊቲየም ባትሪ ከ12.6 ቮልት በላይ መቀበል የለበትም። 14.4 ቮልት ሲላክበት ለእያንዳንዱ ሴል 4.8 ቮልት ይደርሰዋል፤ የሴሉ ልክ ግን 4.2 ነው። በባትሪው ውስጥ የመከላከያ ካርድ ካለና በትክክል ከሠራ ኃይሉን ያቋርጣል። ካርዱ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ግን ባትሪው ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ይህ የሚሆነው ሰው ተኝቶ ባለበት ሌሊት፣ ምናልባትም በሣር ክዳን ቤት ውስጥ፣ ከጭድና ከእህል ጎተራ አጠገብ መሆኑ ሲታሰብ ጉዳዩ ከአንድ ባትሪ ዋጋ በላይ ይሆናል።

ለዚህ ነው ሁለቱም መርጫዎች ላይ «12 ቮልት» ተብሎ መጻፉ ብቻ በቂ የማይሆነው። እንዲያውም 12 ቮልት የሚባሉ ሦስት ዓይነት ባትሪዎች አሉ። የእርሳሱ ባትሪ 6 ሴሎች ሲኖሩት 14.4 ቮልት አካባቢ ይሞላል። ባለ 3 ሴሉ ተራ ሊቲየም በ12.6 ያበቃል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ባለ 4 ሴል ደግሞ 14.6 ድረስ ይሄዳል። ሦስቱም ስማቸው አንድ፣ ፍላጎታቸው ለየቅል ነው።

በባትሪ ላይ የሚነበቡ ነገሮች

ባትሪና ቻርጀር መስማማታቸውን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አራት ነገሮችን ማንበብ ይበቃል።

አንደኛው የባትሪው ዓይነት ነው፤ የእርሳስ፣ የኒኬል ወይም የሊቲየም መሆኑ።

ሁለተኛው ቮልቱ ነው። የተራ ሊቲየም አንድ ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፣ ሲሞላም 4.2 ይደርሳል። ስለዚህ ባለ 3 ሴሉ 12.6፣ ባለ 4 ሴሉ 16.8፣ ባለ 5 ሴሉ 21፣ ባለ 10 ሴሉ 42 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል። ይህን ስሌት ያወቀ ሰው በገበያ ላይ በሚጻፈው ቁጥር አይታለልም። በአንዱ ድሪል ላይ 18፣ በሌላው ላይ 20፣ በሦስተኛው ላይ 21 ቮልት ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ሦስቱም ባለ 5 ሴል ናቸው፤ አንዱ አማካዩን፣ ሌላው ሲሞላ የሚደርስበትን ጻፈ እንጂ በጉልበት አይበላለጡም። ከዚህ አልፎ 48 ወይም 88 የሚል ቁጥር በትልቁ ተለጥፎባቸው በርካሽ የሚሸጡም አሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲፈቱ የሚገኝባቸው ያው 5 ሴል ነው፤ በቴስተር ሲለኩም ከ21 ቮልት አያልፉም። ቁጥሩ ለገዢው ዓይን የተጻፈ ነው።

ሦስተኛው አምፔሩ ነው። በባትሪው ላይ የሚጻፈው አምፔር ሰዓት የጎተራው ስፋት ነው፤ በቻርጀሩ ላይ የሚጻፈው አምፔር ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚገባው እህል ነው። 12 ቮልት ሆኖ 8 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 96 ዋት ሰዓት ይይዛል። 18 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት የሆነው ደግሞ 72 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባለ 8 አምፔር ሰዓቱን በ1 አምፔር ቻርጀር ለመሙላት ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አነስተኛ አምፔር ያለው ቻርጀር ቢዘገይ እንጂ አይጎዳም። ከተፈቀደው በላይ የሆነ ግን ባትሪውን ያሞቀዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ስለሆነም የሚፈቀደው ከፍተኛ አምፔር በባትሪው ላይ ተጽፎ ከሆነ ከዚያ ማለፍ አይገባም።

አራተኛው ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ነው። ክብ ጫፍ ባላቸው ቻርጀሮች ላይ መሐሉ ፖዘቲቭ መሆን አለመሆኑ በትንሽ ሥዕል ይታያል። ይህ ከተገለበጠ ሌላው ሁሉ ቢስማማም ዋጋ የለውም።

ይህን ሁሉ የሚናገረው በቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለው ትንሽ ወረቀት ነው። «ኢንፑት» የሚለው መሥመር ከግድግዳው የሚቀበለውን፣ «አውትፑት» የሚለው ደግሞ ለባትሪው የሚሰጠውን ይገልጻል። ወረቀቱ ከተላጠ ቻርጀሩ ስሙ የጠፋ መድኃኒት ማለት ነው። ማንም አስተዋይ ሰው ስሙ የጠፋ መድኃኒት ለልጁ አያጠጣም።

አምራቾች ለምን አይስማሙም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ገመድ አልባ ድሪል አዲስ ነገር አይደለም፤ ብላክ ኤንድ ዴከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚሠራ ድሪል ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪ በሶኒ ኩባንያ አማካይነት ለገበያ የቀረበው በ1991 ሲሆን፣ ወደ ሥራ መሣሪያዎች የገባው በ2005 አካባቢ ነው። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ አምራች ባትሪው በሌላው መሣሪያ ላይ እንዳይገባ አድርጎ ሠርቷል። ገዢው አንድ ጊዜ ከገባ እንዳይወጣ ማለት ነው። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፤ የቦሽ ሰማያዊ የባለሙያ መሣሪያና አረንጓዴው የቤት መሣሪያ ሁለቱም 18 ቮልት ሲሆኑ ባትሪያቸው አይለዋወጥም።

ሌላው ምክንያት የደህንነት ነው። በእነዚህ ባትሪዎች ላይ ከፖዘቲቭና ከኔጋቲቩ ሌላ ተጨማሪ የብረት ጥርሶች ይታያሉ። እነርሱ ሙቀቱንና የሴሎቹን ሁኔታ ለቻርጀሩ የሚናገሩ ናቸው። ቻርጀሩ «ባትሪው ሞቋል» የሚል መልእክት ሲደርሰው ያቆማል። በሁለት ሽቦ ብቻ አገናኝቶ ማስሞላት ወይም የአንዱን ባትሪ ለሌላው በሚያገጥም ርካሽ አስማሚ መጠቀም ይህን ንግግር ያቋርጠዋል። ባትሪው እየጮኸ ቻርጀሩ ደንቆሮ ሆነ ማለት ነው።

ደስ የሚለው ነገር አምራቾቹም ዘግይተው የህብረትን ጥቅም እየተረዱ መምጣታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የጀርመኑ ሜታቦ ከሌሎች አምራቾች ጋር፣ በ2020 ደግሞ ቦሽ ጋርዴናን ከመሳሰሉ የአትክልት መሣሪያ አምራቾች ጋር በአንድ ባትሪ ለመጠቀም ተስማምተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ባወጣው ሕግ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ የሚሸጡ ሞባይሎች በአንድ ዓይነት ጫፍ እንዲሞሉ አስገድዷል፤ ሕጉ ግን የሥራ መሣሪያዎችን አላካተተም። ስለዚህ ለጊዜው ጥንቃቄው የገዢው ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ድሪል ይዞ ቢመጣ ደስታ ነው። ሆኖም የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240» ተብሎ ከተጻፈ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በሶኬት መቀየሪያ ቢሰካ በቅጽበት ይቃጠላል፤ መቀየሪያው ጫፉን እንጂ ቮልቱን አይቀይርምና።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው መሣሪያውን ከነባትሪው ይጥለዋል ወይም በርካሽ ይሸጠዋል። ይህ ስሕተት ነው። በማኪታ፣ በዲዋልትና በሚልዋኪ ባለ 18 ቮልት የሊቲየም ባትሪዎች በአሜሪካና በአውሮፓ ያለው ባትሪ አንድ ዓይነት ነው። ዲዋልት በአሜሪካ «20» በአውሮፓ «18» ብሎ የሚጽፈውም ያንኑ ባለ 5 ሴል ባትሪ ነው። ስለዚህ የዚያኑ ስምና የዚያኑ ቤተሰብ ባለ 220 ቮልት ቻርጀር መግዛት መሣሪያውን ያድነዋል። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቮልቱ ከእኛው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ችግሩ ባለሦስት ጥርሱ ሶኬት ብቻ ነው።

ሶላር፣ ውርጭና የበጋ ማከማቻ

መብራት በሌለበት ቀበሌ ሶላር መፍትሔ ነው፤ ግን ወጥመድ አለበት። 12 ቮልት የሚባለው የሶላር ሰሌዳ ምንም ሳይገናኝበት በጠራ ፀሐይ ሲለካ 21 ወይም 22 ቮልት ያሳያል። ይህን ያየ ሰው «ለባለ 21 ቮልቱ ድሪል ልክ ነው» ብሎ በቀጥታ ሊያገናኘው ይችላል። ሰሌዳው ግን ባትሪው ሲሞላ ማቆም አያውቅም። በሰሌዳውና በባትሪው መካከል ለባትሪው ዓይነት የተሠራ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት። የድሪል ባትሪ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ሶላሩ ትልቁን የቤት ባትሪ እንዲሞላ፣ ከእርሱም በኢንቨርተር ወይም በመኪና ሶኬት በሚሠራ ትክክለኛ ቻርጀር መሙላት ነው።

የእንጅባራና የዘንገና ብርድም የራሱ ጠባይ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ደጅ ያደረ የሊቲየም ባትሪ ወዲያው መሞላት የለበትም። ከ0 ዲግሪ በታች የተሞላ ሊቲየም ውስጡ ይጎዳል፤ ብዙ አምራቾችም ከ5 ዲግሪ በታችና ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሞላ ይመክራሉ። ቤት ገብቶ ብርዱ እስኪለቀው መጠበቅ ነው። ከምድጃ አጠገብ አስቀምጦ ማሞቅ ግን ክልክል ነው።

መርጫ የወቅት መሣሪያ ነው። ከመስከረም በኋላ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እስከ ሰኔ ይከርማል። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ከከረመ አይነሣም፤ ስለዚህ ሙሉ ሆኖ መቀመጥና በየሁለት ሦስት ወሩ መሞላት አለበት። ሊቲየም ደግሞ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ከመሣሪያው ተነጥሎ፣ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ይሻለዋል። የክረምቱን መሣሪያ በበጋ የማያስታውስ ሰው በሐምሌ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከማህበራትና ከዩኒየኑ ምን ይጠበቃል?

አንድ አርሶ አደር ብቻውን ገበያ ወጥቶ ያገኘውን ይገዛል። ጎረቤቱ ሌላ ዓይነት፣ ሦስተኛው ሌላ ዓይነት ይገዛል። በዓመቱ በአንድ ቀበሌ አሥር መርጫ አሥር ዓይነት ቻርጀር ይኖራል፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው አይተካውም። አሥሩም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ግን አንድ መጠባበቂያ ቻርጀር ለአሥሩም ይበቃ ነበር። የህብረት ሥራ ጥቅም ከዚህ በላይ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ብዙ የለም። በመሆኑም የሚከተሉት ተግባራት ቢከናወኑ መልካም ነው።

1ኛ. ማህበራት በባትሪ የሚሠሩ መሣሪያዎችን ሲገዙ አንድ የባትሪ ቤተሰብ መርጠው በዚያው መጽናት። ድሪሉ፣ መጋዙና ሌላውም በአንድ ባትሪ የሚሠሩ ቢሆኑ ሁለት ባትሪና አንድ ቻርጀር ብዙ ሥራ ይሠራሉ።

2ኛ. በጨረታ ሰነድ ላይ «መርጫ ከነቻርጀሩ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የባትሪውን ዓይነት፣ የሴል ብዛት፣ አምፔር ሰዓትና የቻርጀሩን ቮልት ለይቶ መጻፍ፤ መለዋወጫ ባትሪና ቻርጀር ለብቻቸው የሚሸጡ መሆናቸውንም ማረጋገጥ።

3ኛ. ዕቃው ሲረከብ በቴስተር መለካት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውና ባትሪው የሚሰጠው ካልተስማሙ አለመረከብ።

4ኛ. ባትሪውና ቻርጀሩ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም መቀባት። ቀይ ለእርሳስ፣ ሰማያዊ ለሊቲየም ቢባል ማንበብ የማይችል አባልም «ቀይ በቀይ፣ ሰማያዊ በሰማያዊ» ብሎ ይለያል።

5ኛ. ባትሪ የሚሞላበትን ቦታ መወሰን። የሲሚንቶ ወይም የጠጠር ወለል ያለው፣ ከጭድ፣ ከማዳበሪያና ከነዳጅ የራቀ፣ ሰው የማይተኛበትና በዓይን የሚታይ ቦታ መሆን ይኖርበታል። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያለ ልክ የሚሞቅ ባትሪ ዳግም አይሞላም።

6ኛ. ያረጁ ባትሪዎችን መሰብሰብ። እርሳስ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። የሞተ ባትሪ በእሳት አይጣል፣ በልጆች እጅ አይፈታ፣ ከወንዝና ከዘንገና ሐይቅም ይራቅ። በየማህበሩ መጋዘን አንድ በርሜል ወይም ሳጥን ለዚሁ ቢመደብ ዩኒየኑ በአንድነት ለሚረከብ አካል ማስረከብ ይችላል።

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በገበያ ሁካታ መካከል የገባውን ሁሉ ልክ ነው ብሎ የገዛ ሰው ኪሳራውን የሚለቅመው በማሳው ላይ ነው። በቻርጀሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ወረቀት ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ኮርቻ ለማጥበቅ ከሚፈጀው አይበልጥም። ማንበብ የሚችል ላልቻለው ያንብብለት፤ ልጆች ለአባቶቻቸው፣ ባለሙያዎች ለአርሶ አደሩ፣ የማህበር ሠራተኞችም ለአባሎቻቸው ያስረዱ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ድሩ የሚያብረው ግን ክሩ ሲስማማ ነው። ዩኒየኑ የአባላቱን ገንዘብ እንዳስተባበረ ሁሉ መሣሪያቸውንም ቢያስተባብር፣ በሚመጣው ክረምት በሐምሌ ጉም ውስጥ መርጫውን አዝሎ የሚቆመው አርሶ አደር ቁልፉን ሲጫን ፓምፑ ይነሣለታል፤ ድንቹንም ያተርፋል።